ከተኩሱ በኋላ ያሉት አሥር ሴኮንዶች

ኤዲተሯ የወንጀል ፊልሙን መጨረሻ ስታሳየው ፕሮዲዩሰሩ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። በታሪኩ አንድ አባት የልጁን ገዳይ ተኩሶ ይጥላል። እሷ ግን ከተኩሱ በኋላ ያሉትን አሥር ሴኮንዶች ሳትቆርጥ ትታ፣ አባትየው እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው አሳይታለች።

«እሱን አውጪልኝ፣ እህቴ። ሰው አጨብጭቦ ይውጣ እንጂ፤ ለቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ።»

«አባቴ የወንድሜን ገዳይ ገድሎ ሲመጣ በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ማንም አላጨበጨበም። ጫማውን ማውለቅ እንኳ አቅቶት እኔው አወለቅኩለት።»

ፕሮዲዩሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዝናለሁ። ግን ካላወጣሽው ሌላ ኤዲተር እቀጥራለሁ።»

«ቅጠር። በእኔ እጅ ግን አይቆረጥም።»

ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችለትና ኪቦርዱ ላይ ያለውን የመቁረጫ ቁልፍ በጣቷ አሳየችው። እሱም ሳይቀመጥ ቁልፉን እያየ ቆሞ ቀረ።