የቤት ድምፅ

ባልየውን በስሙ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ሲቀዳ ስለኖረ ባልደረባውም ጎረቤቱም «ጆሮ» ይለዋል፤ እሱም እንዲህ ሲሉት ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ሚስቱ ግን በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። ላብራቶሪ ውስጥ ደም ስትመረምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ያላረጋገጠችው ነገር ከአፏ አይወጣም።

የዚያን ቅዳሜ ክርክር ያመጣችው ልጃቸው ናት። የቤቱን የድሮ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ልትገለብጥ መጣችና፣ በዚያው እናቷን ሳሎን አስቀምጣ ድሮ ታንጎራጉረው የነበረውን ዜማ በአዲስ መቅጃ ቀዳቻት። አባትየው አንዴ ሰማና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ምን ድምፅ ነው? የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔ በእጄ የቀዳሁትን ስሙና ፍረዱ።»

«አባዬ፣ አዲሱ እኮ ትንፋሽ እንኳ ሳይቀር ነው የሚይዘው።»

«ትንፋሽ ልስማ ብዬ ነው ዘፈን የምከፍተው? ሐኪም ቤት መሰለሽ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናትየው መነጽሯን እየወለወለች። «መወዳደሩ ካልቀረ እንደ ላብራቶሪያችን ይሁን። ናሙና ሲወዳደር ስሙ ይሸፈናል። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር፤ እሷ እየቀያየረች ትክፈት።»

ያንኑ ዜማ እሷው የዘፈነችባቸው ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። አንዱ የዛሬው ነው። ሁለቱ ካሴቶች ናቸው፤ በዚሁ ሳሎን፣ በአንድ ቴፕ፣ በባሏ እጅ የተቀዱ። የመጀመሪያውን የተጋቡ ሰሞን ቀዳው። ሁለተኛውን የቀዳው ከዓመታት በኋላ፣ እሷ እስከ ዛሬ በማትረሳው ሳምንት ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ የሙዚቃ ቡድን መሪ በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ስታዜም ሰምቷት ካሴት ላሳትምልሽ ብሎ ነበር። «እኔ ወድጄዋለሁ፤ ግን ጆሮ ይሁን ካለ ነው» አለና ፍርዱን ለባሏ ተወው። ባሏ ስቱዲዮ አስገባት፤ ማዳመጫውን አጥልቆ ሰማት፤ አወለቀው። «ብርድ ልብስ የለበሰ ድምፅ ነው» አላት፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይከፋት። «ጥርት አይልም። የቤት ድምፅ ነው ያለሽ።» አልተከራከረችውም። መሣሪያ ውጤት ሲያወጣ ከመሣሪያ ጋር ጠብ የለም። ማታ ሊያጽናናት ብሎ ቤት ውስጥ ቀዳት፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ ደጋግሞ ሲያዞር ቆየና «አሁን ገና ሆነ» አለ። ከዚያ ወዲህ የዘፈነችው ዕቃ ስታጥብ ብቻ ነው።

ጆሮ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ አንደኛውን ከፈተች፤ የተጋቡ ሰሞን የተቀዳውን።

«ይሄ ያንቺ አዲሱ ነው» አለ ሳያመነታ። «ብርድ ልብስ የለበሰ።»

እናትየው መነጽሯን መወልወሏን ተወች።

ልጅቷ ሁለተኛውን ካሴት ከፈተች። ገና ዜማው ሳይጀምር ትኩስ ዘይት ላይ ውሃ እንደ ወደቀ ሽሽሽ አለ። ድምፁ ሲከተል ጆሮ የሚበሳ ሆነ፤ ልጅቷ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

«ይኸውላችሁ!» አለ አባትየው ለግድግዳው። «የኔ ሥራ ይሄ ነው። ጥርት ያለ። ከኋላው ደግሞ ስሙት፤ ጸጥ፣ እንደ ረጋ ውሃ።»

ሦስተኛው፣ የዛሬው፣ ሲከፈት «ይሄም ብርድ ልብስ» አለና ተነሣ። እንደረታ ቆጥሮ ሊያጨስ ወደ በረንዳው ወጣ።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ አባዬ የካሴቱን ሽሽታ አልሰማውም እኮ። እርጅና ነው አይደል?»

«ሁለተኛውን ምን ነካው?»

«ቀጭኑን ከልክ በላይ ጨምረውበታል። የመጀመሪያው እኮ ደህና ነው። ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እሱ።»

አንድ ሳሎን፣ አንድ ቴፕ፣ አንድ ጉሮሮ፣ አንድ እጅ። ሁለት ናሙናዎች ሲለያዩ በመሀል የተለወጠውን ፈልጊ ብለው ነበር ያስተማሯት። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስቱዲዮ ምሳ ስትወስድለት ከማዳመጫው የሚያመልጠው ጩኸት ከበሩ ውጭ ድረስ ይሰማት እንደነበር ትዝ አላት። እርጅና አይደለም። የፈረደባት ቀን ሰውየው ገና ጎልማሳ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ግን ጆሮው ያኔውኑ ለብሶት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለባለቤቱ ባዳ ይሁን፤ በሷ ላይ ዳኛ ያደረገው ማን ነው?

«ላስተካክለው?» አለች ልጅቷ። መልስ ሳትጠብቅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጭኑን ቀነሰችው። ሽሽታው ራቀ፣ የወጣትነት ድምፅዋ ብቻውን ቀረ። እናትየው የሌላ ሰው ናሙና እንደምትመረምር ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

«በጣም ያምራል፣ እማዬ።»

«አንቺ ልጄ ነሽ፤ ምስክር አትሆኚም።»

የቡድኑ መሪ ከሞተ ቆይቷል። ያን ጊዜ ሰምቶ ሊፈርድ ይችል የነበረው ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ ዘፈን ትቷል። ምናልባት በእርግጥም የቤት ድምፅ ነበር። ምናልባት አልነበረም። ቀኑ ካለፈበት ናሙና ውጤት አይወጣም።

ባልየው የሲጋራ ሽታውን ይዞ ተመለሰ። «እህ፣ ማን ረታ?»

«አንተ» አለችው።

«አላልኩሽም? ይሄ ጆሮ ዛሬም ያው ነው።»

«ያው ነው። ካሴት ላሳትምልሽ የተባልኩ ጊዜም ያው ነበር።»

ደስ ብሎት ሳቀ፤ ትከሻዋንም ቸብ አደረጋት። ልጅቷ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ እጇን ያዝ አደረገቻት። «ሁለተኛውን እሱ እንደቀዳው አስቀምጪው» አለቻት። «እንዳትነኪው።»

«እስቲ እሱኑ አንዴ ድገሙልኝ» አለ ባልየው ወንበሩን እየመለሰ።

እናትየው ራሷ ተነሥታ ከፈተችለት፤ ከፍም አደረገችለት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ አጀባት። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዘፈኑን ትታ ሽሽታውን ብቻ ስታዳምጥ ቆየች።