ንጹህ ፋይል

«ሜዳልያውስ?» አሉ ጋሼ መዝገብ፣ ሻያቸውን ገና ሳይቀምሱ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሟቹ ሃምሳ አለቃ ከነዩኒፎርሙ ፎቶው ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ደረቱ ባዶ ነው። ጋሼ መዝገብ ሟቹ ባገለገለበት ፖሊስ ጣቢያ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አብረውት ያረጁ ሰው ናቸው። አይተው አላለፉም።

እናትየው ልጇን በአገጯ ጠቆመቻት። «አምጪው። ወልውለሽ።»

ሠላሳ ያለፋት ልጅ ተነስታ ከቁም ሳጥኑ አወጣችው። ጨርቁም አብሮት ነው። አባቷ በሕይወት እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ነበረች የምትወለውለው። እድፍ ካየ፣ እንደገና። አንድ ቅዳሜ አስራ አንድ ጊዜ አስደግሟታል፣ እየሳቀ።

ጋሼ መዝገብ ለለቀስተኛው ማስረዳት ያዙ። ይሄ እንዲሁ የሚታደል ነገር አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ያለ አንድ ክስ ማገልገል ይጠይቃል። አንዲት ክስ ፋይሉ ውስጥ ከገባች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የሱ ፋይል ግን እንደ ወተት ነበር። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ።

እንደ ወተት። ሃያ አምስቱ ሊሞላ አራት ወር ሲቀረው፣ ልጅቷ በአስራ ሁለት ዓመቷ ጣቢያ ድረስ ሮጣ «አባባ የእማዬን እጅ ሰበረው» ያለችው ለኚሁ ለጋሼ መዝገብ ነው። ጻፉት። ከረሜላም ሰጧት። በማግስቱ እናቷን አስጠሩ። እናቷ እጇን በጀሶ አንጠልጥላ መጣች፤ ልጇን ሳታይ፣ «ከቤታችን ደረጃ ወድቄ ነው። ይቺ ውሸት ለምዳለች» አለች። ወረቀቱ እዚያው ተቀደደ። ቤት ሲገቡ የጠበቃትን ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም። ለማን?

አሁን ግን ሞቷል። ማንን ይፈራል ሰው?

«እማዬ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ያ እጅሽ ምን ሆኖ ነው ሳይቃና የቀረው?»

ጋሼ መዝገብ ብርጭቆአቸው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋባቸው ይመስል አቀረቀሩ። እናትየው የጠመመ ክንዷን ነጠላዋ ስር ከተተች።

«ከቤታችን ደረጃ ወድቄ ነዋ።»

አንዲት ጎረቤት ሳታስበው ዞር ብላ ቃኘች። የቤቱ ደጃፍ ላይ እንኳ አንድ እርከን የለም።

«እድፍ አለው» አለች እናትየው ሜዳልያውን እያየች። «ድገሚው።»

ልጅቷ ሜዳልያውን ወደ አፏ አስጠግታ ተነፈሰችበት። ጨርቁን አነሳች።