ደብዳቤ የማታነበው ሴትዮ ፎቅ

...ሃሃሃ፣ ወይኔ ሆዴ፣ የጨርቄን ጫፍ ልንከስ፣ ይሰሙኛል፣ መጋረጃው ስስ ነው፣ ገና ምኑ ተነካና ነው እንዲህ የምፈርሰው፣ ዋናው ኋላ ነው፣ አሁን ገና ወንበር እየያዙ ነው፣ ያውና፣ ኳድዎ አምፖንሳ፣ የካካዎ ገበሬዎች ማኅበር ዋና ዳይሬክተር፣ ስድስት ሺህ ሠራተኛ ቁጭ ብድግ የሚያደርግ ሰውዬ፣ የእኔ ግቢ፣ የኪራይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማው የዓሣ ውኃ ረግጦ። እሰይ! ድንኳኑን ሆን ብዬ ወደ ዘመዶቼ አስጠግቼ ነው ያስተከልኩት፣ ጥላው ለእኛ፣ ፀሐዩ ለእነሱ፣ ሱፉ ውስጥ ይቀቀል።

እኔ ደግሞ እዚህ፣ ጓዳ፣ እንደ ሙሽራ። በሃምሳ ዓመቴ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ አሁን ደግሞ ዶቃዬን አንገቴ ላይ ደርድሬ እጠየቃለሁ፣ ሃሃ፣ ዝም በይ ፖማ፣ ዝም በይ።

ያኔም እዚሁ ነበርኩ። ፎቅ የለ፣ ምን የለ፣ የእናቴ ቆርቆሮ ቤት፣ ኳድዎ ሊያንኳኳ ይመጣል ተብሎ፣ ዘመድና መጠጥ ይዞ በራችንን አንኳኩቶ ሊጠይቀኝ፣ ፍየል ታርዶ፣ የሰፈሩ ወንበር ሁሉ ተሰብስቦ፣ እኔ ከእህቶቼ ጋር ከመጋረጃ ኋላ በሳቅ እየሞትኩ፣ ደስታ ነዋ፣ ልጅነት ነዋ፣ የፉፉው ገንፎ ቀዘቀዘ፣ ሾርባው ረጋ፣ ኳድዎ የለም። በኋላ አጎቱ ብቻውን መጣ፣ ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣ ልጁ እንዲህ ይላል፣ ደብዳቤ የማታነብ ሴት አግብቼ፣ የምጽፍላትን ማን ሊያነብላት ነው፣ ጎረቤት? በሰው ሁሉ ፊት። እናቴ ሥጋውን ለጎረቤት ስታድል አሁንም ይታየኛል፣ ሲያልፍልኝም ያ ቀን አላለፈልኝም፣ ዓሣ ስሸጥ፣ ማቀዝቀዣ ስገዛ፣ አንድ ፎቅ በሌላው ላይ ስጭን፣ እያንዳንዱ ብሎኬት ውስጥ እሱን ነበር የምቀብረው።

አሁን ደግሞ እግዜር ቀለደ። ሰርዋ፣ የሟች እህቴ ልጅ፣ እኔ ያሳደግኳት፣ ማኅበሩ ውስጥ የኮምፒውተር ሰው ናት፣ የዚያ ሁሉ ሠራተኛ ኢሜይል ከአሮጌው ማሽን ወጥቶ ወደ አዲስ ሊዛወር ነው፣ ስንት ሰርቨር ይገዛ፣ ምን ያህል ይሸከም፣ የት ይቁም፣ እሷ ናት ያቀደችው። አክስቴ፣ ግማሹ ዋናው መሥሪያ ቤት ይቆማል፣ ግማሹ መንታው ነው፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት፣ አንደኛው ጎርፍ ቢገባበት መንታው ደብዳቤውን ሁሉ ይዞ እንዲቀጥል። ቤቱ ደረቅ ይሁን፣ ወለሉ ከባድ ብረት ይቻል፣ ሁለት የመብራት መስመር ይኑረው፣ ጄኔሬተሩ አይጥፋ፣ ኩማሲ ከተማን ዞራ ዞራ ማን ጋ አገኘች? እኔ ጋ! ለበረዶ ዓሣዬ ብዬ ያስገባሁት መብራት! አለቃሽ ማነው ስላት አምፖንሳ አለች፣ የያዝኩት ሳህን ወለል ላይ ተበተነ፣ የስድስት ሺህ ሰው ደብዳቤ፣ ደብዳቤ የማታነበው ሴትዮ ፎቅ ላይ! ይምጣና ያንኳኳ አልኳት። አክስቴ፣ የሰርቨር ክፍል ኪራይ እኮ ነው! ይምጣና ያንኳኳ፣ እንደ ወጉ፣ መጠጡን እንቀበል ወይ ተብዬ ሦስት ጊዜ እጠየቃለሁ።

ተነሡ። የማኅበሩ ጠበቃ ነው የሚናገርላቸው፣ ክራቫቱ አንቆታል፣ የተከበራችሁ፣ የኪራይ ውሉ አንቀጽ አንድ፣ እያለ ነው፣ አጎቴ ቦአዲ ጥርስ የለውም እንጂ ምላስ አለው፣ ልጄ፣ አንቀጽህን ኪስህ ክተት፣ መጠጡ የታለ? ሃሃሃ፣ ሁለት ጠርሙስ ሽናፕስ ወጣ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ? እዚህ ቤት ያማረ አበባ አይተን፣ ይላል ጠበቃው፣ ማለቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ አይተን። ወይኔ፣ ልፈነዳ ነው። አጎቴ ወደ መጋረጃው ይጣራል።

ፖማ! ይህን መጠጥ እንቀበል?

አትቀበሉ!

አቤት ማጣፈጡ። ኳድዎ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ጥረግ፣ መሐረቡ አይበቃህም። እንደገና፣ ፖማ! እንቀበል? አትቀበሉ! ዘመዶቼ ያጨበጭባሉ፣ ሦስተኛዋ ቀረች፣ ያቺን ስንት ዓመት ስስላት ኖሬያለሁ፣ ሦስተኛዋን እንቢ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል ሕልሜ ውስጥ ሁሉ...

ሰርዋ ገባች። አክስቴ፣ በናትሽ ሳቅሽን ቀንሺው፣ ውጭ ድረስ ይሰማል። ይሰማ! አልኳት። አንቺ ትስቂያለሽ፣ አለችኝ፣ ቦርዱ ሁለተኛ ቤት ካልተገኘ ዝውውሩ ቀርቷል ብሏል፣ ማሽኖቹ ተገዝተዋል፣ እቅዱ ላይ ያለው ስም የማን ይመስልሻል፣ የእኔ ነው፣ እሱ ዳይሬክተር እንደሆነ ይቀጥላል፣ የምባረረው እኔ ነኝ።

እጇ በረዶ ሆኗል። እቺ ልጅ ስትፈራ እጇ ነው የሚቀዘቅዘው፣ እናቷ የሞተች ለታም እንዲሁ። ታዲያ እንቢታዬስ? ሦስተኛዋስ? በእሱ ላይ ወርውሬ እሷ ላይ ሊያርፍ? አይሆንም። ግን እንዲሁማ አይሄድም፣ በባዶ እጅማ አልለቀውም። ስሚኝ፣ ለአጎቴ ቦአዲ ንገሪው፣ ሦስተኛውን ከመጠየቁ በፊት ሰውዬው ራሱ ይነሣ፣ በጠበቃ አይደለም፣ በገዛ አፉ፣ ያን ቀን ለምን እንዳልመጣ እዚህ ሰው ፊት ይናገር፣ ከተናገረ እሺ እላለሁ፣ የፎቁ ቁልፍ ግን ያንቺ ነው፣ የእሱ አይደለም፣ ማሽኑን ባማረው ቁጥር አንቺን ያንኳኳ።

ይበለው! ደብዳቤ የማታነብ ብሎ ይድገመው፣ እኔው ግቢ ውስጥ፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይሰንቀር፣ ከዚያ ደብዳቤዎቹን ተሸክሞ ደረጃዬን ይውጣ።

ሰርዋ አጎቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ ትላለች፣ አጎቴ ዱላውን መሬት ይመታል፣ ኳድዎ ይነሣል፣ ወንበሩ ይገለበጣል፣ ሃ፣ አልቻልኩም፣ በአፍንጫዬ አመለጠኝ፣ ሰው ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ፣ እሱም፣ አጎቴን አያይም፣ ጠበቃውን አያይም፣ መጋረጃውን ነው የሚያየው፣ ቁልፉ መዳፌ ውስጥ አላበው፣ ለምንድነው እንደዚያ የሚያየው፣ በል እንጂ፣ ተናገራት፣ እየጠበቅኩህ ነው፣ አፉን ከፈተ፣ እንዲህ ነው የሚለው፣

ፖማ፣ ያን ቀን መጥቼ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ላንኳኳ እጄን አንሥቼ ሳቅሽን ሰማሁት፣ ይቺ ሴት ዕድሜ ልኬን ልትስቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁና ሮጥኩ፣ የደብዳቤው ነገር ሰበብ ነበር፣ ይኸው ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እየሰማሁሽ ነው፣ ሳቂ፣ አልሮጥም።