የአያሌው ንስሐ

«ቀስ በይ እህቴ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች ዲና፣ «ወይኔ አያሌው!» እያለች የገባችውን ሴት አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። ሴትዮዋ ለቅሶዋን ዋጠችው። ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ ባለችው በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እስካሁን የተለቀሰው እንዲህ ነበር፤ ትከሻ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳይወጣ።

ትርንጎ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ባሏ አያሌው ማክሰኞ ዕለት፣ ሰናኢያ በሚሉት የፋብሪካዎች ሰፈር በሚሠራበት ድርጅት ደጃፍ፣ በቀትር ሙቀት ካርቶን እንደተሸከመ ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። አስከሬኑ አሁንም ሆስፒታል ነው፤ ወደ አገር እንዲላክ «ከፊል» የሚሉት አሠሪው የሚፈርመው ወረቀት አለ። አሠሪው ደግሞ «ኢንሻአላህ፣ ነገ» ይላል። ዛሬ ዓርብ ነው።

«እሱስ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ፣ በአገጯ ወደ ተዘጋው ክፍል እያመለከተች። «ዓይነ ስውሩ?»

«ምን ይደረጋል!» አለች የትርንጎ ጓደኛ ዲና። «ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ከባዕድ ወንድ ጋር እንዴት ትኖራለች? ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለው፣ ዘመድ የለው። ለፖሊስ እጁን ይስጥና በተርሒል ተባሮ አገሩ ይግባ። በቃ፣ ኸላስ።»

 ትርንጎም በልቧ ያንኑ ስትል ሦስት ዓመት አልፏታል።

አያሌው ድሮ ሌላ ሰው ነበር። በዚሁ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በበርሜል አረቄ እያወጣ ይሸጣል። አፉ ክፉ፣ እጁ ፈጣን። የትርንጎ ግራ ጆሮ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። አንድ ሐሙስ ታዲያ አረቄው አነሰበትና ከአንድ የቀለም መጋዘን ያመጡለትን አልኮል ቀላቀለበት። ከጠጡት አንዱ ኡስማን የሚባል የወሎ ሰው፣ ቤት ቀቢ ነበር። ጠዋት ሲነሳ «መብራት አብሩልኝ» አለ። መብራቱ በርቷል።

አያሌው ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ሪያድ ላይ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ቄስ የለ፤ አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቱ ስልክ ደወለ። ትርንጎ በሩ ሥር ቆማ ሰማችው። እንደ ሕፃን እያለቀሰ ሁሉንም ተናገረ። የአባ የደከመ ድምፅ በስልኩ ማጉያ ተሰማ።

«ስግደት አልሰጥህም ልጄ። ስግደት ይቀልሃል። ሰውዬውን ፈልግና ዓይን ሁነው።»

በማግስቱ በርሜሉን ሽንት ቤት ደፋው። ሺፋ የሚባለው ሰፈር ሄዶም፣ ኡስማንን ሰባት ሆነው ከሚተኙበት ክፍል ጥግ ላይ አግኝቶ፣ እጁን ይዞት መጣ።

«ለስንት ቀን?» አለችው ትርንጎ።

«እስክሞት» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የኡስማንን ልብስ ያጥባል። የውዱእ ውሃ ይቀዳለታል፤ ለሶላት ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞርለታል። ከዚያ እሱ በሌላው ጥግ ቆሞ ዳዊቱን ይደግማል። ሚስቱንም ዳግመኛ አልመታም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ያንን ጆሮዋን ዳብሶ አለቀሰ። እሷ ግን አላመነችውም። ለኡስማን የምታቀርበውን ሳህን ከክፍሉ ደጃፍ አስቀምጣ፣ ቃል ሳትተነፍስ ትመለስ ነበር።

አሁን ያ በር ተከፈተ። ኡስማን ልብሱን በፌስታል ይዞ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። 

«ትርንጎ፣ አላህ ያጽናሽ» አለ፣ እሷ ወደሌለችበት በኩል ዞሮ። «ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው። አንድ ሰው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ያድርሰኝ።»

«ኡስማን» አለች። በስሙ ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ይቅር ብለኸው ነበር?»

ፊቱን ወደ ድምፅዋ መለሰ።

«አላልኩትም። በየዒዱ ይጠይቀኛል፤ አልልህም እለዋለሁ። እሺ ይልና ጥፍሬን ይቆርጥልኛል።» ፌስታሉን ጨበጠ። «የምጠብቀው መሰልቸቱን ነበር። ያን ቀን ውሸቱ ይወጣል ብዬ።»

«እኔም ያንኑ ቀን ስጠብቅ ነበር» አለች ትርንጎ።

«ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሲወጣ፣ እኔን እንዳይቀሰቅስ በእግሩ ጣት ሲራመድ ሰማሁት። ዛሬ ሲመለስ ይቅር ብዬሃለሁ እለዋለሁ አልኩ። ሲመለስ።» ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ምናለ ያኔውኑ ብጠራው ኖሮ?»

 ከውጭ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ።

«ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም» አለች ትርንጎ በመጨረሻ። «እስከዚያው ዲና እዚህ ከእኔ ጋር ታድራለች። እሑድ ኤምባሲ እወስድሃለሁ፤ የመሄጃ ወረቀትህን እንለምናለን። ከአያሌው አስከሬን ጋር አንድ ላይ አገር እንገባለን። መቃብሩ ላይ ቆመህ ትነግረዋለህ።»

«እሱ አይሰማኝም» አለ ኡስማን።

«አይሰማህም» አለች። 

ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎታል፤ አንዱ ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እጇ ሸሚዙን ሲነካው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ቁም» አለችው በቀስታ።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ከዚያ እንባዋ እንዳታይ እያገዳት፣ በጣቷ እየዳበሰች፣ ከላይ ጀምራ ቆለፈችለት።