ቦሎቄ አያስታውስም

በዕድሜዬ ብዙ የማይረባ ነገር ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በክራቫት ሲወራ የሰማሁት ግን ከመምህር ኢተፋ ነው። አዳማ ላይ ሰው በሸሚዝ እንኳ መቆም ሲያቅተው፣ እሱ አንገቱን አንቆ፣ አቧራ የጠጣ ጫማውን በመሐረብ እየጠረገ በሬን ያንኳኳል። በቴሌግራሙ ላይ «በአሥር ቀን ሒሳብን መገላገል» ብሎ ለጥፏል አሉ። መገላገሉንስ ገላግሏል፤ ከሒሳቡ የተገላገለው ግን ራሱ ነው።

የሚያስጠናው የልጅ ልጄን ዱሬቲን ነው። አኮ ትለኛለች፤ በአባቷ ቋንቋ አያቴ ማለቷ ነው። እናቷ ሥራ ሩቅ ስለወሰዳት ጡት እንደጣለች ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና አምና ተቀምጣ ወድቃለች። ቋንቋውን አልፋ ሒሳቡ ጣላት፤ ይልቁንም ሦስት ዓይነት ጥያቄ፦ የዕድል፣ የአቆጣጠርና የድብልቅ።

ባቱ ካለ አንድ የአበባ እርሻ ነው የምትሠራው። በላስቲክ ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት በጥብጣ ለረጪዎቹ የምታድለው እሷ ናት። ጥር ላይ ስትመጣ ሳሉ አላስተኛት አለ። «ብርድ ነው አኮ» አለችኝ። ባቱ ላይ ብርድ! ሐይቁ እንኳ በሚፈላበት አገር! ዘንድሮ ካለፈች ከዚያ ላስቲክ ትወጣለች፤ ከወደቀች እዚያው ትቀራለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ ዲግሪውንማ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሌላ ምን አደርገዋለሁ።

ልጄ ሰነፍ አይደለችም። አንድ ክፉ ዓመል ግን አላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረውን ሁሉ ታምናለች። አምና ፈተናው ላይ ስድስት መልስ ሠርታ፣ ኋላ ፈርታ ስድስቱንም ለወጠቻቸው። ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ስታስተያይ የፊተኞቹ ልክ ነበሩ። ሦስት ቀን አልበላችም።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት መምህሩ መጣና ሳሎን ተቀመጡ። እኔ በረንዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ጆሮዬ እንደሆነ ገና አላረጀም።

«አምስት ሰዎች በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ» ብሎ አነበበ፤ «ሁለቱ ጎን ለጎን መሆን አይፈልጉም። በስንት መንገድ ይቀመጣሉ?»

ይኼን ደግሞ ጥያቄ ብሎ የሚያወጣ ሰው ደመወዝ ይበላል! ለቅሶ ቤት ሠላሳ ዓመት የማይነጋገሩ ሰዎችን ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ። አንድ መንገድ ይበቃል፤ መሐላቸው እኔ ቁጭ እላለሁ።

«ሰባ ሁለት... ይመስለኛል» አለች ዱሬቲ።

የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ ኢተፋ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ እየፈለገ ነው። «ልክ ነሽ» አለ በመጨረሻ፤ «ግን በዚህ ጊዜሽን አታባክኝ። የዕድልና የአቆጣጠር ጥያቄ ከመጣብሽ ‹ሐ› ን አጥቁሪና እለፊ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ያጠናሁት ነገር ነው፤ ‹ሐ› ይበዛል።»

ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ። ለዚህ ነው እንዴ ክራቫቱ? ቀጠለና የድብልቁን አነበበ፦ «አርባ ሊትር ወተት አለን። አሥር ሊትር ቀንሰን አሥር ሊትር ውሃ እንጨምራለን። ካማሰልን በኋላ ከድብልቁ እንደገና አሥር ቀንሰን አሥር ውሃ እንጨምራለን። ስንት ሊትር ወተት ቀረ? ቀላል ናት፤ አሥርና አሥር ሃያ። ሃያው ውሃ፣ ሃያው ወተት። ‹ለ› በይ።»

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ዲንቄ እባላለሁ፤ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው። ዓለም ጤና ከተማ ላይ ግን አሥራ አንድ ዓመት ወተት ተረካቢ ነበርኩ። ገበሬው ወተቱን ያመጣል፤ እኔ መለኪያዬን፣ ያቺን ቀጭን የመስታወት ተንሳፋፊ፣ እጥልበታለሁ፤ ውሃ ካለው ጠልቃ ታሳጣዋለች። አንድ ቀን ጉደታ የሚባል ደንበኛዬ የመለኪያዋን ፍርድ ሲጠብቅ አለቀሰ። ሚስቱ ቤት ከአርባው ሊትር አሥር ቀድታ በውሃ ተክታለች፤ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ለሻይ ቤት አሥር ሸጦ በውሃ ተክቷል። «ሃያ ሊትር ውሃ አለበት፣ ማሪኝ» አለኝ። መለኪያዬ ግን ሃያ አትልም፤ ከዚያ ታንሳለች። ተበላሽታ ይሆናል ብዬ በሌላ ወተት ሞከርኳት፤ ደህና ናት። ግማሽ ቀን አስቤ ነው የገባኝ፤ ጉደታ ለሻይ ቤቱ የሸጠው ንጹሕ ወተት አልነበረም፤ የሚስቱ ውሃም አብሮ ተሸጧል! ሌባ ከሌባ ሰርቆ ወተቱን አተረፈው።

ስለዚህ ተነሥቼ ገባሁ።

«መምህር፣ ሁለተኛው አሥር ሲቀዳ እኮ ውሃም አብሮ ይወጣል» አልኩ።

ኢተፋ ፈገግ አለ። ሐኪም ቤት የሚሠሩ ልጆች ለአሮጊት የሚያሳዩትን ፈገግታ። «እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት የቤት ወተት ነው። ይኼ ማቲማቲክስ ነው።»

«ማቲማቲክስ ከምን ላም ይታለባል?»

«አኮ!» ዱሬቲ ፊቷ ቀላ። «ይቅርታ መምህር» አለችው። ከዚያ እያየሁ፣ ደብተሯ ላይ በእርሳስ ጀምራ የነበረውን ስሌት በላጲስ አጠፋችና «20» ብላ ጻፈች። ያጠፋችው ምን እንደነበር ከትከሻዋ በላይ አይቻለሁ። «7.5» የሚል ነበረበት፤ ከሁለተኛው ቅጂ በኋላ የሚቀረው ውሃ ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት አግኝታዋለች!

ሰውየውን አልሰደብኩትም። በር ድረስ ሸኘሁት፤ ለክራቫቱ ስል።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ቦሎቄ ሠላሳ፣ ቀይ ቦሎቄ አሥር ቆጥሬ ድስት ውስጥ ጨመርኩ። «ነይ ተቀመጪ» አልኳት። «ነጩ ወተት፣ ቀዩ ውሃ ነው። የጉደታን ወሬ መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ ሚስትየዋ ጨርሳለች። አሁን አንቺ ጉደታን ሁኚና አሥር ቅጂ፣ ሳታዪ።»

እየሳቀች አማሰለችና አሥር አወጣች። ሁለቱ ቀይ ነበሩ። መለሰችና ደገመች፤ ሦስት ቀይ። ደገመች፤ ሁለት። እጇ ቆመ። «ከአሥሩ ሩቡ ውሃ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ተኩል ይወጣል። ሰባት ተኩል ይቀራል፣ አሥር ሲጨመር አሥራ ሰባት ተኩል ውሃ። ወተቱ ሃያ ሁለት ተኩል።» ቀና ብላ አየችኝ፤ «ትናንት ይኼን ጀምሬው ነበር።»

«አይቻለሁ። ለምን አጠፋሽው?»

«እሱ እርግጠኛ ነበራ።»

«ዝንብም እርግጠኛ ናት፤ ወተት ውስጥ እስክትገባ።»

ያኔ ብተዋት ጥሩ ነበር። ግን ሰው አንድ ቦታ ሲያውቅ ሁሉ ቦታ ያወቀ ይመስለዋል፤ እኔም የምነቅፈውን ሰውዬ መሰልኩ። «የዕድሉንም ላሳይሽ» አልኩና እጄን ከትቼ አንድ ቦሎቄ አወጣሁ። ነጭ። መለስኩት፣ አማሰልኩ፣ አወጣሁ። ነጭ። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ነጭ ወጣ።

«በይ እንግዲህ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «አሁን ቀይ መውጣቱ አይቀርም። ተራው ደርሷል። ዕድል ማለት ይኸው ነው!»

ዱሬቲ ላጲሷን በእጇ ስታሽከረክር አየኋት። ጠበቅኩ፤ እውነት ለመናገር፣ እሺ እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት።

«አይደለም አኮ» አለች።

«ምኑ ነው ያልሆነው?»

«እየመለስሽ ነው እኮ የምታወጪው። ድስቱ ውስጥ ሁልጊዜ ሠላሳ ነጭ፣ አሥር ቀይ ነው። የቀዩ ዕድል አሁንም ከአራት አንድ ነው። ቦሎቄው ቅድም ምን እንደወጣ ያስታውሳል እንዴ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው! ነገር ተራ አለው።»

«እሺ፣ አራት ሴት ልጅ በላይ በላዩ ስትወልጂ አማትሽ ምን አሉሽ?»

«አምስተኛው ወንድ መሆኑ አይቀርም አሉ። የወንድ ስም አውጥተው፣ በግ ገዝተው ጠበቁ።»

«አምስተኛው ማን ሆነ?»

አምስተኛዋ እናቷ ናት።

ድስቱን ወደ እሷ ገፋሁት። ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ባሳደግኳት ልጅ ተረታሁ፤ ተናደድኩም፣ እጇን መሳምም አማረኝ። ወጪት ልጠብ ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ ስልኳን ይዛ ለመምህሩ እየጻፈች ነው፦ «የወተቱ መልስ 22.5 ነው፤ ስሌቱን ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።» ቆይቶ መለሰ። «ቼክ አደርጋለሁ» ይላል። እስካሁን ቼክ እያደረገ ነው።

ቅዳሜ የፈተናው ግቢ በር ላይ በጥላ ስር ቆምኩ። አትምጪ ብላኝ ነበር፤ ቤት ተቀምጬ ግን ግድግዳውን ልግጥ ነው? ከቀትር በኋላ ወጣች። ዓይኗን ነው ያየሁት፣ ያለቀሰች እንደሆነ። አላለቀሰችም።

«ስንት ‹ሐ› አጠቆርሽ?»

«‹ሐ› ልክ የሆነበትን ብቻ።»

«መልስ ለወጥሽ እንዴ?»

«አንድ።»

«ዱሬቲ!»

«ተሳስቼ ነበራ አኮ። ስህተቴን አየሁት፣ አስተካከልኩት። ማንም አልነገረኝም።» ክንዴን ያዘችና ባጃጅ ጠራች።

ውጤቱ ሲመጣ አለፈች። ለእርሻው መልቀቂያዋን ያስገባችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሳሏም ሐኪም ዘንድ ታየ። እኔ ደግሞ አሁን ለትምህርት የምትሄድበት ከተማ መኪናው ይበዛል ብዬ እፈራለሁ። ይኼን የሚያስጥለኝ ስሌት የለም።

መምህር ኢተፋ ፎቶዋን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በቴሌግራሙ ላይ ለጥፎ «የእኛ ፍሬ!» ብሎ ጻፈበት። ዱሬቲ ስታሳየኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስልኬን አስከፍቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከሥሩ «ሃያ ሁለት ተኩል» ብዬ ጻፍኩበት።

አጠፋው። እንደገና ጻፍኩት።