ሁለት ሚሊሜትር

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ወፍ እለካለሁ» ነው መልሷ። ሰው ይስቃል። «ልብስ ልትሰፊላት ነው?» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ጎህ ሲቀድ በሐይቁ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ስስ መረብ እየዘረጋች፣ አውራ ጣት የምታህለውን ቡናማ ዘማሪ ወፍ እየያዘች፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት እያጠለቀች፣ ክንፏን በማስመሪያ ለክታ ትለቃት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ግድም አንድ ነገር ከነከናት። እዚህ ሐይቅ ላይ የሚፈለፈሉት ክንፋቸው አጠር፣ ጫፉም ክብ ያለ ነው። ከተራራው ማዶ፣ በወንዙ ዳር የሚፈለፈሉት ደግሞ ረዘም፣ ሾል ያለ። ብርድ ሲገባ ሁለቱም ይሰደዳሉ፤ የወንዙ ወፎች ባሕር ያቋርጣሉ፣ የሐይቁ ወፎች ቅርብ ሄደው ይመለሳሉ። ለሌላ ሰው ዓይን አንድ ናቸው፤ ለእሷ እጅ አይደሉም።

ይህን ያጫወተችው ታናሽ ወንድሟን ነው። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። አሁን የዘር ምርመራ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነው። ሐይቁን አድርቆ ፋብሪካ የመሥራት ዕቅድ ሲወጣ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ጠየቀ፦ የሐይቁ ወፎች ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው ወይ? ከሆኑ ሐይቁ አይነካም። መልስ እንዲሰጥ የታዘዘው ወንድሟ ሆነ።

ከሐይቁም ከወንዙም ወፎች ክንፍ ሥር በመርፌ ጫፍ ጠብታ ደም እየወሰደች፣ ስልሳ ብልቃጥ በበረዶ ሣጥን ይዛ ቢሮው ገባች።

«እትዬ፣» አለ መዝገቧን እያገላበጠ፣ «ማስመሪያ ማስረጃ አይሆንም። ሁለት ሚሊሜትር እኮ ነው! እጅሽ ጠበቅ ላላ ሲል የሚመጣ ልዩነት ነው።»

«እጄን አታውቀውም? ያሳደገህ እጅ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። ግን ተምረሽ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰውም። እሷ በልቧ ጨረሰችለት።

«እንግዲያው ደሙን መርምረዋ።»

«የወንዙ ወፎች ደም ያንሳል። በሚቀጥለው ዓመት ጨምሪበት። እህቱን አምኖ ፈረመ መባል አልፈልግም።»

ዋጥ አደረገችው። ተራራውን ተሻግራ፣ በወባ ትንኝ እየተበላች አርባ ወፍ ጨመረች። እሱ በዚህ መሃል ለመሥሪያ ቤቱ «እስካሁን የተረጋገጠ ልዩነት የለም» ብሎ ጻፈ። «እስካሁን የተረጋገጠ» የሚለውን ማን አነበበው? ወፎቹ ብርዱን ሸሽተው እንደሄዱ ማሽኖቹ መጡ። ሸምበቆው ታጨደ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ ውሃው ወረደ።

«ሥራውን አስቁም፤ ደብዳቤው ስሕተት ነው በል!» ብላ ለመነችው።

«ጥናቱ ሳያልቅ ምን ልበል?» አላት።

ጥናቱ ያለቀው ወፎቹ በሚመለሱበት ሰሞን ነበር። ሲደውልላት ጭቃው ዳር ቆማለች።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ልክ ነበርሽ! በደማቸው የተለዩ ናቸው፤ ከወንዙ ወፎች ጋር ሳይዳቀሉ ሺህ ዓመታት ኖረዋል። ስምሽን ከስሜ ቀጥሎ አስገባዋለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው።

«እኔ እኮ ደንቡን ነው የተከተልኩት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምሰድብህበት ቃል ያጣሁት።»

በዚያው ሳምንት አሥራ አራት ወፎች ቆጠረች። ጎጆ የሚሠሩበት ሸምበቆ ስለሌለ በፋብሪካው አጥር ሽቦ ላይ ተደርድረው ጥቂት ዘመሩ። አንዷን ያዘች፤ ቀለበቱ ከአራት ዓመት በፊት ራሷ ያሰረችው ነው። ለክታ ጻፈች፣ ለቀቀቻት። በአሥረኛው ቀን አንድም አልነበረም።

ጥናቱ ሲታተም ወንድሟ ቤቷ ድረስ ይዞት መጣ። ሽፋኑ ላይ ያማረ የወፍ ፎቶ አለ። አንዴ አይታ መለሰችለት።

«ይቺ እኮ የወንዙ ናት። የክንፏን ጫፍ እየው።»

ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ አየው። «ሲያዩአቸው ያው አይደሉ?» አለ በመጨረሻ።

ተነስታ በሩን ከፈተችለት። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት የሰው ለቅሶ ላይ ነው፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ራቅ ራቅ ብለውም ይቀመጣሉ።