አምስት ጠብታ የጦስኝ ዘይት

ንብ አርቢው እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ በጠራራ ፀሐይ ግቢዋ ውስጥ ሲገባ፣ ዘይት አውጪዋ በመስኮት አይታው ወንድሟን በመሰላል አስገብታ ባዶው በርሜል ውስጥ ደብቃ ክዳኑን ጣል አድርጋበታለች። በርሜሉ እስከ ሰው አንገት የሚደርስ ብረት ነው፤ ጦስኝ በእንፋሎት እየተቀቀለ ዘይቱ የሚወጣበት። ወንድሟ ደግሞ እናታቸው ስትሞት እጇ ላይ የቀረ ነው። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እሷ ግን ዛሬም "ልጁ" ነው የምትለው። ጥፋቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የጦስኝ ዘይት ሻጋታ ይከላከላል፣ ነፍሳት ይገድላል፣ ከንብ ገላ ላይም ተባይ ያራግፋል። በየጠርሙሱ ላይ በእጇ ጽፋ የምትለጥፈው ወረቀት ነበር፦ ለአንድ ቀፎ አምስት ጠብታ፣ በጨርቅ ላይ። ሰፈሩ "ጮሌው" የሚለው ወንድሟ ወረቀቱን እየላጠ ይጥለዋል፤ ገበያ ያቀዘቅዛል ባይ ነው። "ተፈጥሮ ነው ጋሼ፣ ቢበዛ ይጠቅማል እንጂ ምን ይጎዳል?" ብሎ ለንብ አርቢው ለአርባ ቀፎ አርባ ጠርሙስ ሸጠለት። ሰውም ከቅጠል የመጣ ሁሉ የዋህ ይመስለዋል። ነፍሳት የሚገድል ነገር ግን ንብ ስትሆን መርጦ አይምርም።

ንብ አርቢው በግራ እጁ ጆንያ፣ በቀኙ ድንጋይ የሚፈለጥበት መዶሻ ይዟል። ጆንያውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። የሞቱ ንቦች እስከ ወለሉ ፈሰሱ፤ ክፍሉ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ።

"ወንድምሽ የታለ?"

"የለም ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም።"

"አርባ ቀፎ ነው የጨረሰብኝ። የታለ ነው የምልሽ?"

"የለም አልኩዎት።"

"እንግዲያው ይሄን አፈርሰዋለሁ" አለና በርሜሉን መታው።

ግድግዳው ሳይቀር ጮኸ። ከውስጥ ምንም አልተሰማም። በሁለተኛው ምት ብረቱ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ። ሦስተኛውን ለመምታት መዶሻውን ከፍ ሲያደርግ፣ ከዚያ ብረት ቀጥሎ ያለው የልጁ ጭንቅላት መሆኑ ታያት። ብትናገር ይገድለዋል፤ ዝም ብትልም ይገድለዋል።

"እኔ ነኝ ያልኩት" አለች። "ጠርሙሱን ሙሉ ያፍስሱት በላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ የላክሁትን ነው ያደረሰ።"

ሰውየው መዶሻውን አወረደ። "አንቺ? ሥራውን የምታውቂው አንቺ?"

"አዎ።"

የእጇን አንጓ ጨምድዶ ጎተታትና ቀኝ እጇን ንቦቹ መሀል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አልታገለችም። ልጁ አሁን ብቅ ይላል ብላ ነበር። ክዳኑ አልተቆለፈም፤ በአንድ እጅ ይገፋል። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ልጁ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

መዶሻው ወረደ። የጣቶቿን መሰባበር ከሕመሙ በፊት ሰማችው። ሰውየው ደገማት፤ ሁለተኛው አንጓዋ ላይ አረፈ፣ ነጭ አጥንትም ብቅ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ዳዋ ግን አጥንት የለውም። ወለሉ ላይ ወደቀች። ንብ አርቢው ያደረገውን አይቶ ፊቱን አዞረ፤ መዶሻውን እየጎተተ፣ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ።

ክዳኑ ተነሳ። ወንድሟ አንገቱን ብቅ አድርጎ በሩን ቃኘ።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

"እግዜር ይስጥሽ እታለም፣ ጥሩ አርገሽ ሸወድሽው።" ዓይኑ እጇ ላይ አረፈና ቶሎ ወደ በርሜሉ ጎን ዞረ። "ይሄ ግን ተሰርጉዷል። ለዶሮ አርቢዋ ሃምሳ ጠርሙስ ቃል ገብቻለሁ፤ እስከ ሰኞ ካልደረሰ ጉዴ ነው።"

"ለእሷስ ምን ብለህ ነግረሃታል?"

"ያው የምለውን ነዋ። ያለ ስስት ርጪው አልኳት።"

"እጄን ሲቀጠቅጠው ሰምተሃል?"

"ሰማሁ" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ብቅ ብል ይገድለኝ ነበርኮ። በይ መሰላሉን አቀብዪኝ፣ ብረቱ በዘይት ያንሸራትታል።"

እንደዚያ የሚያንገበግብ ንዴት ተሰምቷት አያውቅም፤ ከእጇ ሕመም ባሰ። መሰላሉ ግድግዳው ሥር ነበር። በግራ እጇ ይዛ እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችው።

ንብ አርቢው ገና ከአጥሩ አልራቀም።

"ጋሼ" ብላ ጠራችው። "ይመለሱ። ዋሽቼዎታለሁ፤ እዚህ ነው ያለው።"

ሰውየው ዞረ። ከኋላዋ ልጁ የበርሜሉን አፍ እየቧጠጠ "እታለም፣ እታለም" ይላል። መዶሻው ጠጠሩ ላይ እየተጎተተ ሲመጣ ሰማች፤ እንዲያልፍም ከበሩ ገለል አለችለት።